አሮጌ የብረት መጋዝ፤ ከግዢ እስከ እድሳት

በወልድያም ሆነ የሀብሩ ወረዳ ርእሰ ከተማ በሆነችው በመርሳ የብረታ ብረት ሥራ ቤት ብዙ ተግባር አለበት። የበርና የመስኮት ክፈፍ፣ የጋሪ አካል፣ የወፍጮ መቆሚያ፣ በጊራና ሜዳ ለመስኖ የሚያገለግል የፓምፕ ማስቀመጫ፣ ይህ ሁሉ የሚጀምረው ብረትን በልክ ከመቁረጥ ነው። ወልድያ ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት በሕወሓት ኃይሎች እጅ በቆየችበት ጊዜ ወልድያ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ የብዙ ተቋማት ንብረት ተዘርፏል። መሣሪያውን ያጣና አዲስ ለመግዛት አቅም ያነሰው ባለሙያ ፊቱን ወደ አሮጌ ማሽን ማዞሩ አይቀርም። ታዲያ አሮጌ መጋዝ ሲገዛ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ምንድን ነው?

እዚህ የምንናገረው ባንድ ሶው ስለሚባለው መጋዝ ነው። ስለቱ ጫፍና ጫፉ ተጋጥሞ የተበየደ ቀጭን የብረት ጥብጣብ ሲሆን፣ በሁለት መንኮራኩሮች ላይ ተወጥሮ ይዞራል። የእጅ መጋዝ የሚቆርጠው ሲገፋ ብቻ ነው፤ ሲመለስ ያለ ሥራ ይመለሳል። ይህኛው ግን ሳያቋርጥ በአንድ አቅጣጫ ስለሚሄድ ጊዜ ይቆጥባል። እንደ ግራይንደር ዲስክም ብዙ ብረት ወደ ብናኝ አይለውጥም። ሐሳቡ የተጀመረው በእንግሊዝ አገር በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ ነበር፤ ሆኖም ስለቱ ከመጋጠሚያው ላይ እየተበጠሰ ስላስቸገረ ለብዙ ዓመታት ሥራ ላይ ሳይውል ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1846 አን ፖሊን ክሬፔን የተባለች ፈረንሳዊት የተሻለ የማጋጠሚያ ዘዴ ካስመዘገበች በኋላ ነው መጋዙ መስፋፋት የጀመረው።

ዛሬም ቢሆን ደካማው ቦታ ያው መጋጠሚያው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ሞተሩ ሳይሆን ስለ ስለቱ ይሁን። ስለት ያልቃል፣ ይበጠሳል፤ ምትኩ የማይገኝለት ማሽን ቢታደስም ከቁርጥራጭ ብረት አይሻልም። ወልድያ ከአዲስ አበባ 520 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለችና ለአንድ ስለት መመላለስ አያዋጣም። ማሽኑ ያለ ስለት ከቀረበላችሁ የአንዱን መንኮራኩር ዙሪያ ለኩ፤ በሁለቱ መንኮራኩሮች ማዕከሎች መካከል ያለውን ርቀት እጥፍ አድርጋችሁ ደምሩበት፤ የስለቱ ርዝመት ይኸው ነው። ይህም መንኮራኩሮቹ እኩል ሲሆኑ የሚሠራ ሒሳብ ነው። በዚያ ልክ የተዘጋጀ ስለት ከጠፋ ከጥቅል ተቆርጦ ሊበየድ ይችላል። ነገር ግን የተበየደው ቦታ ቶሎ ሲቀዘቅዝ እንደ መስታወት ተሰባሪ ይሆናል፤ ስለዚህ ደብዘዝ ያለ ቀይ መልክ እስኪይዝ እንደገና ግሎ ቀስ በቀስ መቀዝቀዝ አለበት። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል፤ ስለቱም በማግስቱ ይበጠሳል።

ከዚህ በኋላ አካሉን መርምሩ። በእኔ አስተያየት አዲስ ቀለም ከተቀባ ማሽን ይልቅ ዝገቱ የሚታይ ይመረጣል፤ ቀለም የቀለጠ ብረት አካል ላይ ያለውን ስንጥቅ ይሸፍናልና። መንኮራኩሩን በእጃችሁ ይዛችሁ ወዝውዙ፤ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል። (ኩሽኔታ፣ ሞርሳ፣ ቺንጋ፣ ቡሎን፣ ዳዶ ሁሉም ከጣልያንኛ የተወረሱ የሙያ ቃላት መሆናቸውን ልብ ይሏል።) ኩሽኔታ በቀላሉ ይለወጣል። የተበላ የነሐስ ማርሽ ግን ተቀርጾ መሠራት ስላለበት ከዋጋው ላይ መቀነስ ይገባል።

የሞተሩን ሰሌዳ ሳያነቡ ማብራት አይገባም። የአገራችን መብራት 220 ቮልት፣ ባለ ሦስት ፌዙ 380 ቮልት፣ ድግግሞሹም 50 ኸርዝ ነው። ለ110 ቮልት የተሠራ ሞተር በቀጥታ ቢሰካ ይቃጠላል፤ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተርም በአንድ ፌዝ መስመር ብቻ አይነሣም።

እድሳቱ ትዕግሥት ይፈልጋል እንጂ ምሥጢር የለውም። ኃይሉን አቋርጡ፤ ዝገቱን በነጭ ጋዝና በሽቦ ብሩሽ አስለቅቁ፤ የማርሹን አሮጌ ዘይት አፍስሳችሁ ለውጡ። የሞርሳውን መቀመጫ ግን በግራይንደር አትንኩት፤ ቀጥታነቱ ከጠፋ ቁራጩም ይጠማል። ስለቱን ስትወጥሩ መንኮራኩሩን በእጅ እያዞራችሁ ከጠርዙ ሳይወጣ መሄዱን አረጋግጡ።

ፍጥነትና ጥርስ ለየብቻ ይታሰባሉ። ለተራ ብረት፣ ማቀዝቀዣ ከሌለ፣ ስለቱ በደቂቃ ከ25 እስከ 30 ሜትር ገደማ ቢሄድ ይበቃል። የእንጨት መጋዝ ከዚህ ብዙ እጥፍ ስለሚፈጥን ለብረት ቢውል ጥርሱ ወዲያው ይሞታል። ምን ጊዜም ቢያንስ ሦስት ጥርሶች ብረቱን መንካት አለባቸው፤ ለምሳሌ ግድግዳው ከ3 ሚሊ ሜትር በጥቂቱ ለወፈረ ቱቦ በአንድ ኢንች 24 ጥርስ ያለው ስለት ይስማማል።

በመጨረሻ ወፈር ያለ ብረት ቆርጣችሁ ፊቱን በስኳድራ ለኩ። ከጠመመ ማሽኑን ከመውቀሳችሁ በፊት የስለቱን ውጥረት፣ ቀጥሎም ስለቱን ግራና ቀኝ የሚይዙትን ትናንሽ ኩሽኔታዎች ተመልከቱ፤ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው ከእነዚህ ከሁለቱ በአንዱ ነው።