በእንግሊዝ የፍላት ሊዝ ማራዘም፦ ከ80 ዓመት በፊትና በኋላ

በእንግሊዝና በዌልስ ፍላት የሚገዛ ሰው በአብዛኛው የሚገዛው ሕንፃውን ሳይሆን በቤቱ ለተወሰነ ዘመን የመጠቀም መብትን ነው። ሕንፃውና መሬቱ ፍሪሆልደር በሚባለው ባለቤት እጅ ይቆያሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ ሊዝ ከመንግሥት የሚገኝ የከተማ መሬት ይዞታ ነው፤ እዚያ ግን ፍሪሆልደሩ ብዙ ጊዜ የግል ኩባንያ ወይም ግለሰብ፣ አንዳንዴም ካውንስል ነው። ሊዙ 99 ወይም 125 ዓመት ተብሎ ይጀምርና በየዓመቱ ይቀንሳል። ሲያልቅ የቤቱ ባለቤትነት ወደ ፍሪሆልደሩ ይመለሳል።

ችግሩ የሚመጣው ግን ሊዙ ሲያልቅ ሳይሆን ከዚያ ብዙ አሥርተ ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። የቀረው ዘመን ወደ 70 ሲወርድ ብዙ አበዳሪዎች ሞርጌጅ ለመስጠት ያመነታሉ። ብድር የማያገኝ ቤት ደግሞ ገዢው ጥሬ ገንዘብ የያዘ ሰው ብቻ ስለሚሆን ዋጋው ይወድቃል።

ሊዝ ማስረዘም የፍሪሆልደሩን በጎ ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ሕግ፣ ሊዙ መጀመሪያ ሲሰጥ ከ21 ዓመት በላይ ለነበረ ፍላት፣ በቀረው ዘመን ላይ 90 ዓመት እንዲጨመርና ለፍሪሆልደሩ የሚከፈለው የመሬት ኪራይ (ግራውንድ ሬንት) ዜሮ እንዲሆን መብት ሰጥቷል። ቀድሞ ባለቤቱ ፍላቱን ለ2 ዓመት ይዞ መቆየት ነበረበት፤ ይህ ግዴታ ከጃንዋሪ 31 ቀን 2025 ጀምሮ ቀርቷል። ዛሬ ቤት የገዛ ሰው ስሙ በመሬት መዝገብ እንደሰፈረ መጠየቅ ይችላል።

ዋጋው የሚወሰነው ከሁሉ በላይ በቀረው ዓመት ነው። ፍሪሆልደሩ ከሚያጣው ግራውንድ ሬንት በተጨማሪ፣ ቤቱን ለመረከብ ሌላ 90 ዓመት በመጠበቁ ይካሳል። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2007 ካጸናው የስፖርቴሊ ጉዳይ ወዲህ የወደፊቱ የቤት ዋጋ ወደ ዛሬ ሲመነዘር ለፍላት የሚሠራበት ዓመታዊ የቅናሽ ምጣኔ 5 በመቶ ነው። ረጅም ሊዝ ቢኖረው 300,000 ፓውንድ የሚያወጣ ፍላት 81 ዓመት ሲቀረው ይህ ካሳ ወደ 5,700 ፓውንድ ይሆናል። 70 ዓመት ሲቀረው ደግሞ 9,700 ገደማ ይደርሳል። ከባዱ ግን የሚቀጥለው ነው። የቀረው ዘመን 80 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ማሪጅ ቫልዩ የሚባለው ይጨመራል፤ ይኸውም ሊዙ በመራዘሙ ከሚገኘው የዋጋ ጭማሪ ላይ የፍሪሆልደሩ ካሳ ተቀንሶ የሚተርፈው ነው፤ ግማሹ ለፍሪሆልደሩ ይከፈላል። ያ ባለ 70 ዓመት ፍላት አሁን 270,000 ቢያወጣ ጭማሪው 30,000 ነው። ከዚያ 9,700 ሲነሳ 20,300 ይቀራል፤ ግማሹ ከ10,000 በላይ ነው። ባለቤቱ የሚከፍለው፣ የግራውንድ ሬንቱን ካሳ ሳይጨምር፣ ወደ 20,000 ፓውንድ ይጠጋል ማለት ነው።

ሂደቱ የሚጀምረው ሴክሽን 42 በሚባለው ማስታወቂያ ነው። በሰርቬየር አስገምቶ፣ በሶሊሲተር አዘጋጅቶ፣ የሚከፍለውን ዋጋ ጠቅሶ ለፍሪሆልደሩ መላክ ነው። ዋጋው የሚሰላው ማስታወቂያው በደረሰበት ቀን ስለሆነ፣ 80 ዓመት ከሦስት ወር ሲቀረው የላከ ሰው ድርድሩ ዓመት ቢፈጅ እንኳ ከማሪጅ ቫልዩ ይድናል። ፍሪሆልደሩ ለመመለስ ቢያንስ ሁለት ወር ይሰጠዋል። በዋጋ ካልተስማሙ ጉዳዩ ወደ ትሪቡናል ይሄዳል፤ ማመልከቻው ምላሹ ከተሰጠ ከሁለት ወር በኋላ፣ ስድስት ወር ሳይሞላው መግባት አለበት። ይህ ቀን ካለፈ ማስታወቂያው እንደተነሳ ይቆጠራል፤ አዲስ ለመላክም 12 ወር መጠበቅ ግድ ነው። 80 ዓመት ከጥቂት ወራት ለቀረው ሰው እንዲህ ያለ ስንፍና በሺዎች ፓውንድ ያስከፍለዋል። ባለቤቱ የራሱን ባለሙያዎች ብቻ ሳይሆን የፍሪሆልደሩን ተመጣጣኝ የግምትና የሕግ ወጪ ጭምር ይሸፍናል፤ በትሪቡናል የሚወጣውን ግን እያንዳንዱ ወገን ለራሱ ይችላል።

አንዳንድ ፍሪሆልደሮች ከሕጉ ውጭ በስምምነት እንጨርስ ብለው ርካሽ የሚመስል ዋጋ ያቀርባሉ። ሊዙን ወደ 99 ዓመት ብቻ መመለስና ግራውንድ ሬንቱን በቀረው ዘመን ማስቀጠል የተለመደ ነው። እንዲህ ያለው ፍላት ከ20 ዓመት በኋላ እንደገና ከ80 በታች ይወርዳል። ርካሽ ተብሎ መፈረም የለበትም።

በ2024 የጸደቀው አዲስ ሕግ ማሪጅ ቫልዩን ያስቀራል፣ 90ውንም ዓመት ወደ 990 ያሳድጋል። እነዚህ ድንጋጌዎች የሚሠሩት ግን መንግሥት ዝርዝር ደንቦችን ሲያወጣ ነው። ዘመኑ ከ80 በታች የወረደበትና ቤቱን በቅርብ የማይሸጥ ሰው ቢጠብቅ ምክንያት አለው። 81 ወይም 82 የቀረው ግን ያልተጀመረ ድንጋጌ ተስፋ አድርጎ መስመሩን ማለፍ የለበትም። በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደረው ሊዝሆልድ አድቫይዘሪ ሰርቪስ ለእንግሊዝና ለዌልስ የፍላት ባለቤቶች ምክር በነፃ ይሰጣል፤ ሶሊሲተር ከመቅጠር በፊት እዚያ መደወል ይቻላል።