ውሃ ውስጥ ቆሞ የሚጠወልግ ችግኝ

በምዕራብ ጎጃም በርበሬ የሚያመርት ገበሬ ችግኝ ማፍላትን የሚያስተምረው አያሻውም። ከደምበጫ በፍኖተ ሰላም አድርጎ እስከ ቡሬ ባለው አገር ዘሩ ክረምት ሳይገባ በመደብ ላይ ይዘራል፤ በሳር ጉዝጓዝ ይሸፈናል፤ ውሃ እየጠጣ ከአንድ ወር ተኩል እስከ ሁለት ወር ይቆይና ዝናቡ ሲጸና ወደ ማሳ ይዛመታል። እዚያው አድጎ ይህን ሙያ የሚያውቅ ሰው በጓሮው ወይም በመስኮቱ ሥር ጀሪካን ደርድሮ ሰላጣና ቃሪያ ያለ አፈር ለማብቀል ሲሞክር ግን ችግኙ ብዙም ሳይቆይ ይገረጣል፤ ይቀጭጫል፤ አንዳንዴም ሥሩ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ሳለ ይጠወልጋል። ዘሩም እጁም ያው ነው። የጎደለው አፈሩ ብቻ ነው፤ አፈሩ ግን ማንም ልብ ሳይለው ይሠራው የነበረው ሥራ ብዙ ነበር።

ሃይድሮፖኒክስ የሚባለው ይህ ያለ አፈር የማምረት ዘዴ በላቦራቶሪ የተጀመረ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የጀርመን ሳይንቲስቶች ዕፅዋት በውሃ የሟሙ ማዕድናትን ብቻ እየተመገቡ ማደግ እንደሚችሉ አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዊልያም ጌሪኬ ቲማቲም በውሃ ገንዳ አብቅሎ ነገሩን ከላቦራቶሪ አወጣው። እዚያው ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሆግላንድና አርኖን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1938 የምግብ ውሁዱን ቀመር ለሕዝብ በሚሆን መልክ አሳተሙ፤ ቀመሩ ተሻሽሎ ዛሬም ይሠራበታል። በአገራችን አንዳንድ የጽጌረዳ እርሻዎች አበባቸውን የሚያበቅሉት በአፈር ሳይሆን በእሳተ ገሞራ ጠጠር ላይ፣ ምግብ የሟሟበት ውሃ በቱቦ እያንጠባጠቡ ነው።

ለቤት የሚመቸው ግን ከሁሉም ቀላሉ ዘዴ ነው። የሃዋይ ዩኒቨርሲቲው በርናርድ ክራትኪ ባስተዋወቀው በዚህ ዘዴ ፓምፕም ኤሌክትሪክም አያስፈልግም። መብራት በየጊዜው ለሚጠፋበት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ምግብ የሟሟበት ውሃ ይሞላል፤ ክዳኑ ተበስቶ ችግኙ በስፖንጅ ወይም በታጠበ ጠጠር ተደግፎ ይቆማል፤ ሥሩም ወደ ታች ይወርዳል። ተክሉ ውሃውን እየጠጣ በሄደ ቁጥር በክዳኑና በውሃው መካከል ያለው የአየር ክፍተት ይሰፋል።

እንግዲህ አፈር ምን ይሠራ ነበር? ለሥር አየር ይሰጣል። ምግብ ያከማቻል፤ በልኩም ይለቃል። ኮምጣጣነቱ በአንድ ጀንበር እንዳይለዋወጥ ይይዛል። ማዳበሪያውን በውስጡ ባሉ ረቂቅ ሕዋሳት አማካይነት ተክሉ ወደሚወስደው ዓይነት ይለውጣል። ሥሩን ከብርሃን ይሰውራል። በጀሪካን የሚያበቅል ሰው እነዚህን ሥራዎች ሁሉ ከአፈር ተረክቧል። የታመመ ችግኝም ከእነዚህ አንዱ እንደተዘነጋ ይናገራል፤ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ምርመራውን ከሥሩ መጀመር ይበጃል።

መጀመሪያ ሥሩ

ክዳኑን ቀስ ብሎ ማንሳት ነው። ጤነኛ ሥር ነጭ ወይም ፈዛዛ ክሬም፣ ጠንካራና ሽታ የሌለው ነው። ቡናማ፣ ሙልጭልጭና መጥፎ ሽታ ያለው ከሆነ በስብሷል። ለዚህ ብዙ ጊዜ ተጠያቂው ፒቲየም የሚባል፣ ሻጋታ መሰል የውሃ ተሕዋስ ነው። በርበሬ አፍዪዎች ይህን ጠላት በሌላ መልኩ ያውቁታል፤ መደቡ ውሃ ሲበዛበት ወይም ዘሩ ተጠቅጥቆ ሲዘራ ለጋው ችግኝ አንገቱ ላይ ቀጥኖና ጠቁሮ ድፍት ለሚልበት በሽታ ከመንስኤዎቹ አንዱ እሱ ነው።

በውሃ ውስጥ የቆመ ተክል የሚጠወልገውም በሥሩ ምክንያት ነው። ሥር ውሃ ለመሳብ መተንፈስ አለበት። አየር ሲያጣ መሳቡን ያቆማል፤ ቅጠሉም ውሃ እያለ ይጠማል። እዚህ ላይ የደምበጫ ከፍታም ይቆጠራል። ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ላይ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ፣ ሙቀቱ እኩል የሆነ ውሃ ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር የሚይዘው ኦክስጅን አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ውሃ ሲሞቅ ደግሞ ኦክስጅኑን ይብሱን ይለቃል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲያቃጥለው የሚውል ጀሪካን ለሥር መቃብር ይሆናል። ውሃውን ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ማቆየት፣ ዕቃውን ጥላ ውስጥ አድርጎ ቅጠሉን ብቻ ለብርሃን መተው ያዋጣል።

ጀማሪዎች ከሚሳሳቱባቸው ነገሮች ዋናው ደግሞ ከደግነት የሚመጣ ነው። ውሃው ሲጎድል አይተው እስከ አፉ ይሞሉታል። በክፍተቱ ውስጥ የበቀሉት ጸጉራማ ሥሮች አየር ለመሳብ የተዘጋጁ ናቸው፤ ድንገት ሲሰጥሙ ይታፈናሉ። መጨመር የግድ ከሆነ የላይኛው የሥር ክፍል ከውሃው በላይ መቅረት አለበት።

የውሃው አረንጓዴ መሆንም ሥሩን ከሚያፍኑት ነገሮች ይቆጠራል። ቢጫው ጀሪካንም ሆነ ሃይላንዱ ብርሃን ያሳልፋል፤ ምግብ ያለበት ውሃ ብርሃን ካገኘ አልጌ ያፈራል። አልጌው ከችግኙ ጋር ምግብ ይሻማል፤ ሲሞት ደግሞ በስብሶ ኦክስጅኑን ይጨርሳል። ዕቃውን በጥቁር ፕላስቲክ መጠቅለል ወይም በጭቃ መለሰን ይበቃል።

ቀጥሎ የውሃው ኮምጣጣነት

የጎጃም ገበሬ አሲዳማ አፈርን ያውቃል፤ ለዚህም ነው ማሳው ላይ ኖራ የሚበትነው። በአሲዳማ አፈር ፎስፈረሱ ከአሉሚኒየምና ከብረት ጋር ተቆራኝቶ ይታሰራል፤ ማዳበሪያ እያለ ሰብሉ ይራባል። በውሃ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ግን ተቃራኒው ነው። የጉድጓድም ሆነ የቧንቧ ውሃ ባይካርቦኔት ከበዛበት ፒ ኤቹ (ኮምጣጣነቱ ሲቀንስ ከፍ የሚለው መለኪያ) ከ7 ይዘላል፤ በዚህ ጊዜ የሚታሰረው ብረት ነው። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ አዲሱ ቅጠል ይገረጣል፤ ጅማቱ ግን አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ይህን ያየ ጀማሪ ችግኙ የተራበ መስሎት ማዳበሪያ ይጨምራል፤ ጨው ይበዛና የቅጠሉ ጠርዝ ይቃጠላል። አንድ በሽታ ሁለት ሆነ ማለት ነው።

ለአብዛኞቹ አትክልቶች ተስማሚው ፒ ኤች ከ5.5 እስከ 6.5 ነው። በመለኪያ ወረቀት ወይም በጠብታ ማወቅ ይቻላል። የሎሚ ጭማቂ ለጊዜው ዝቅ ያደርገዋል፤ ነገር ግን ረቂቅ ሕዋሳት አሲዱን ሲበሉት ፒ ኤቹ ተመልሶ ይወጣል። የሚዘልቀው በጥንቃቄ በጠብታ የሚጨመር ፎስፎሪክ አሲድ ነው። አመድ ግን በፍጹም አይጨመርም፤ ከፍ ያለውን ይብሱን ከፍ ያደርገዋል።

ከዚያ ምግቡ

ቤት ውስጥ ያለው ዩሪያና ኤን ፒ ኤስ ለጀሪካን አይሆንም። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን አለው፤ ነገር ግን ተክሉ በደንብ የሚጠቀምበት የአፈር ተሕዋስያን መጀመሪያ ወደ አሞኒየም፣ ከዚያ ወደ ናይትሬት ከለወጡለት በኋላ ነው። በንጹሕ ውሃ ውስጥ እነዚህ ሠራተኞች የሉም ወይም ጥቂት ናቸው፤ አሞኒየም ሲከማች ደግሞ ለጋ ሥር ይጎዳል። ኤን ፒ ኤስ 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ 38 በመቶ ፎስፌትና 7 በመቶ ድኝ ይዟል። ፖታሲየም፣ ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ብረት ግን አይሰጥም። በማሳ ላይ እነዚህን የሚያሟላው አፈሩ ነበር፤ አፈር ጎተራ ነው፣ ውሃ ግን ያስቀመጡበትን እንጂ ሌላ የለውም። ስለዚህ ለሃይድሮፖኒክስ ወይም ለግሪንሃውስ የተዘጋጀ፣ ሙሉ በሙሉ የሚሟሟና ንጥረ ነገሮቹ የተሟሉ ማዳበሪያ ያስፈልጋል። ካልሲየም ናይትሬቱ ለብቻ ተበጥብጦ መጨረሻ ላይ ወደ ብዙው ውሃ ይጨመራል፤ ከሌሎቹ ጋር ወፍራም ሆኖ ከተደባለቀ ከፎስፌትና ከሰልፌት ጋር ተጣብቆ ነጭ ዝቃጭ ይሆናል። የዘቀጠውን ሥሩ አያገኘውም።

ለጋ ችግኝ ብዙ አይበላም። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅጠሎች እስኪዘረጉ ዘሩ ራሱ የያዘው ስንቅ ይበቃዋል፤ ከዚያም ለትልቅ ተክል ከታዘዘው ግማሹ በቂ ነው። እጥረት ካለ የቅጠሉ ቦታ ይጠቁማል። አሮጌው ቅጠል ሙሉ በሙሉ ቢጫ ከሆነ ናይትሮጅን፣ የአሮጌው ቅጠል ጅማት አረንጓዴ ሆኖ መሐሉ ቢጫ ከሆነ ማግኒዚየም፣ የአዲሱ ቅጠል ጫፍ ከተቃጠለና ከተጨማደደ ካልሲየም ይጠረጠራል። ወይን ጠጅ ቀለም የፎስፈረስ እጥረት ሊሆን ይችላል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ግን ብርዱ ብቻውን ያንኑ ቀለም ያመጣል፤ ማዳበሪያም አያድነውም። ቃሪያና በርበሬ ለብርድ ይበልጥ ስሱ ናቸው፤ ዘራቸው በደንብ የሚበቅለው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው።

በመጨረሻ ብርሃኑ

ከመደብ ላይ ጉዝጓዙ ሳይነሳ የቆየ የበርበሬ ችግኝ ቀጥኖና ገርጥቶ እንደሚመዘዝ ሁሉ፣ ከመስኮት ርቆ የተቀመጠውም እንደዚያው ይሆናል። መድኃኒቱ ብርሃን ነው፤ ግን በአንድ ቀን አይደለም። በጥላ ያደገ ቅጠል የደጋውን የቀትር ፀሐይ ድንገት ሲያገኝ ነጭ ሆኖ ይነዳል። ከማዛመት በፊት ችግኝ እንደሚላመድ፣ ይህም በጠዋት ፀሐይ ተጀምሮ በሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ይላመዳል።

ምርመራው ካበቃ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ለውጦ ሦስት አራት ቀን መጠበቅ ያስፈልጋል። ውሃውንም፣ ምግቡንም፣ ቦታውንም በአንድ ቀን የቀየረ ሰው ችግኙ ቢድን እንኳ ምን እንዳዳነው አያውቅም። ለውጡ የሚታየውም በአዲሱ ቅጠል ላይ ነው፤ የተቃጠለ አሮጌ ቅጠል ተመልሶ አይለመልምም። ሥሩ የበሰበሰውና አንገቱ የቀጠነው ግን ከማስታመም መጣሉ ይሻላል፤ ዕቃው በተበጠበጠ በረኪና ታጥቦ፣ በደንብ ተለቅልቆ እንደገና ይዘራበታል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ከቃሪያ ይልቅ በሰላጣ፣ በቆስጣ ወይም በበሶብላ ቢጀምር ቶሎ ይማራል፤ ሰላጣ በአንድ ወር ተኩል ገደማ ስለሚደርስ ስህተቱ ዓመት ሳይፈጅ ይታረማል። የበርበሬው ማሳ አሁንም የአፈር ነው፤ ጀሪካኑ የሚያዋጣው ለቤት ምግብ ለሚሆን ቅጠላ ቅጠል ነው።