አፈ ጮሌውን ከመሪው መለየት

ለቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊ ሲፈለግ ዓይን የሚያርፈው ወይ በሙያው አንቱ በተባለው፣ ወይ በቃለ መጠይቅ አንደበቱ በሚጥመው አመልካች ላይ ነው። ሁለቱም ግን ሰው ማስተዳደር ይችል እንደሆነ ብዙም አይነግሩንም።

በሙያ የላቀን ሰው አለቃ የማድረጉ ጣጣ የቆየ ነው። ሎረንስ ፒተርና ሬይመንድ ሀል እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ሰው በያዘው ሥራ ስለተዋጣለት እየተሾመ ሄዶ በመጨረሻ የማይችለው ወንበር ላይ እንደሚቀር ጽፈዋል። አጻጻፋቸው ለዛ ያለው ሽሙጥ ቢሆንም ሐሳቡ ኋላ ላይ የጥናት ድጋፍ አግኝቷል። በ2019 በአሜሪካ የሽያጭ ሠራተኞች ላይ የታተመ ጥናት፣ ምርጥ ሻጮች ለሹመት ቢቀድሙም የሚመሩት ቡድን ሽያጭ ወደ ታች እንደሚያዘነብል አሳይቷል። አይቢኤም በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጀመረው የ«ፌሎው» ማዕረግ ለዚህ አንድ መላ ነው፤ ባለሙያው የሰው አለቃ ሳይሆን በሙያው ብቻ ከፍ እንዲል በር ይከፍታል።

ጉግል በበኩሉ በ2000ዎቹ መጀመሪያ የመሐንዲሶችን አለቆች አስቀርቶ ነበር። ሙከራው ከጥቂት ወራት አላለፈም፤ የወጪ ማወራረጃውም የሠራተኞች ጠብም መሥራቹ ላሪ ፔጅ ጠረጴዛ ላይ መከመር ጀመረ። ኩባንያው ቆይቶ «ፕሮጀክት ኦክስጅን» በተባለ ጥናት የጥሩ አለቃን ስምንት ባሕርያት ሲለይ፣ ሠራተኛን ማብቃት አንደኛ ወጣ፤ የቴክኒክ ዕውቀት ከዝርዝሩ ባይጠፋም መጨረሻ ላይ ተቀመጠ።

ታዲያ ደካማው በምን ይታወቃል? አንዱ መንገድ ያለፈ ሥራውን ማስተረክ ነው። «ሲስተም ወድቆ ደንበኛ የተጉላላበትን ቀን ንገረን» ይባል። አንዱ አመልካች «ልጆቹ ሳይፈትሹ ለቀቁት፤ እኔ አስጠንቅቄ ነበር» ይላል። ሌላው ማን መጀመሪያ እንደተደወለለት፣ ለደንበኛ ምን እንደተነገረ፣ ከዚያ በኋላ የትኛው አሠራር እንደተቀየረ በቅደም ተከተል ያስረዳል። ሲሳካ «እኔ»፣ ሲበላሽ «እነሱ» የሚል ሰው ነገም ቋንቋው ያው ነው። በእሱ ሥር ሆኖ ያደገ አንድ ሠራተኛ መጥቀስ የማይችል፣ «አላውቅም» ማለት የሚተናነቀው፣ ተለይቶ የተጠየቀውን በጥቅል ቃላት የሚያልፍ አመልካችም ያሳስባል።

ምልክት ማወቅ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ጠያቂውም በስሜት ይሳሳታል። ሽሚትና ሀንተር በ1998 የ85 ዓመት የቅጥር ምርምር ሲያጠቃልሉ፣ የሥራ ልምድ ዓመታት ብዛት የወደፊት ውጤትን የሚተነብየው በጥቂቱ መሆኑን አገኙ። በ2022 እነ ፖል ሳኬት ስሌቱን ሲከልሱት፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ቀርቦ በተወሰነ መመዘኛ ነጥብ የሚሰጥበት ቃለ መጠይቅ ከፊት ተሰለፈ። አማዞን ደግሞ ከቀጣሪው ቡድን ውጭ የሆነና ቅጥሩን የማገድ ሥልጣን ያለው ጠያቂ ያስቀምጣል፤ ቦታው ቶሎ እንዲሞላ የሚጣደፍ ቡድን ምልክቱን አይቶ እንዳላየ ሊያልፍ ይችላልና።

የምስክርነት ጥያቄም ከላይ ወደ ታች ቢወርድ ይሻላል። አመልካቹ የሚጠቅሰው የቀድሞ አለቃውን ነው፤ ለአለቃው የታየው ሪፖርቱና ትሕትናው ሊሆን ይችላል። በእሱ ሥር የሠሩትን፣ በተለይም ለቀው የሄዱትን ማነጋገር ግን ሌላ መልክ ያሳያል። «ዕድሉ ቢገኝ ዳግመኛ አብረኸው ትሠራለህ?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ከብዙ የምስክር ወረቀት ይበልጣል።