ሳይበሳ የሚተነፍስ ጎማ፦ በእንጦጦ ኮረብቶች ለሚነዱ ብስክሌቶች የሚደረግ ጥንቃቄ

የእንጦጦ ፓርክ በመስከረም ወር መጨረሻ 2013 ዓ.ም. ተመርቆ ከተከፈተ ወዲህ፣ በየካ ክፍለ ከተማ በፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ በጉራራና በኮተቤ አካባቢ የተራራ ብስክሌት የሚነዳ ወጣት ማየት እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። ከብስክሌቶቹ መካከል የውስጥ ጎማ የሌላቸው፣ በተለምዶ ቲዩብለስ የሚባሉት ይገኙባቸዋል። በስጦታም ይሁን በግዢ እንዲህ ያለውን ብስክሌት ለወጣቶቹ የተረከበ ሰበካ ጉባኤ ውሎ አድሮ አንድ ችግር ይገጥመዋል። ማታ በሚገባ የተነፋው ጎማ ጠዋት ተንፍሶ ይገኛል፤ ጎሚስታው ደጋግሞ ቢፈትሸውም የተበሳ ቦታ አያገኝም። ከዚያ በኋላ ብስክሌቱ ወደ ዕቃ ቤት ይገባል፤ ብዙ ጊዜም በዚያው ይቀራል። ነገር ግን በአብዛኛው ጥፋቱ የጎማው አይደለም፤ ጥገናውም ከባድ ወጪ አይጠይቅም።

በተራው ብስክሌት አየሩን የሚይዘው የውስጥ ጎማው ነው። በቲዩብለስ ግን አየሩ የሚታሰረው በጎማውና በቸርኬው መካከል ነው። ስለዚህ የጎማው ጠርዝ ከቸርኬው ጋር በደንብ መግጠም፣ የሽቦ ዘንጎቹ የሚገቡባቸው የቸርኬው ቀዳዳዎች አየር በማያሳልፍ ፕላስተር መሸፈን፣ ቫልቩም በሥሩ ባለው ላስቲክ መታተም ይኖርባቸዋል። ማቪክ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ይህን አሠራር በ1999 እ.ኤ.አ. ለተራራ ብስክሌት ሲያቀርብ ጎማውና ቸርኬው ያለ ሌላ እገዛ አየር እንዲይዙ ተደርገው የተሠሩ ነበሩ። በኋላ የመጡት ቀለል ያሉ ጎማዎች ግን ማሸጊያ ፈሳሽ ይፈልጋሉ።

ይህ ፈሳሽ በአብዛኛው ከጎማ ዛፍ ወተት የሚዘጋጅ ሆኖ ደቃቅ ቅንጣቶች ይጨመሩበታል። ሾህ ጎማውን ሲበሳው ፈሳሹ ከአየሩ ጋር ወደ ቀዳዳው ይሮጥና እዚያው ረግቶ ይደፍነዋል። ቀጋና አጋም በበዛበት የእንጦጦ ጥሻ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ የውስጥ ጎማ ያለው ብስክሌት በአንድ ሾህ ሲቆም ቲዩብለሱ መንገዱን ይቀጥላል። ይሁን እንጂ ፈሳሹ ለዘለዓለም አይቆይም። ከሁለት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይደርቃል፤ በበጋው ደረቅ አየር ደግሞ ይፈጥናል። መንኮራኩሩን አውልቆ ከጆሮ አጠገብ መነቅነቅ ይበቃል፤ የፈሳሽ ድምፅ ካልተሰማ ደርቋል ማለት ነው። ለአንድ ባለ 29 ኢንች ጎማ ከ90 እስከ 120 ሚሊ ሊትር ይጨመራል። የተለያዩ ኩባንያዎችን ፈሳሽ መቀላቀል አይገባም፤ በአንድነት ረግተው ከጥቅም ውጪ ሊሆኑ ይችላሉ።

ጎማው ሳያፈስ ያፈሰሰ የሚመስልበት ጊዜም አለ። በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ የተነፋ ጎማ ከ3,000 ሜትር በላይ ወዳለው የእንጦጦ አናት ሲወጣ፣ በውጭ ያለው የአየር ግፊት ስለሚቀንስ መለኪያው አንድ ፒኤስአይ ያህል ጨምሮ ያሳያል። በአንጻሩ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲወርድ ንባቡ ከአንድ ፒኤስአይ ጥቂት በልጦ ይቀንሳል። ቀን በፀሐይ የተነፋ ጎማ በእንጦጦ ብርድ ጠዋት አንድ ወይም ሁለት ፒኤስአይ ቢጎድለው እንግዲህ ሊያስደነግጠን አይገባም። በአንድ ሌሊት አምስትና ከዚያ በላይ ከጎደለው ግን አየሩ የሚወጣበት በር አለ።

በሩን የሚያሳየን የሳሙና ውሃ ነው። ጎሚስታ በልማዱ መሬት የሚነካውን የጎማ ፊት ይመረምራል። የቲዩብለስ ምስጢር ግን ብዙ ጊዜ ያለው ከውስጥ በኩል ነው። የሳሙናውን ውሃ በቫልቩ ዙሪያና የሽቦ ዘንጎቹ ከቸርኬው በሚገናኙበት ቦታ ሁሉ መቀባት ያስፈልጋል። አረፋው በአንድ የሽቦ ዘንግ ሥር ከታየ፣ አየሩ ያመለጠው የግድ በዚያው ዘንግ አቅራቢያ ነው ብለን መደምደም አንችልም፤ በፕላስተሩ ላይ በሌላ ቦታ ባለ ስንጥቅ ገብቶ በቸርኬው ባዶ ውስጥ ተጉዞ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መፍትሔው ፕላስተሩን በሙሉ መለወጥ ነው። አሮጌው ይላጣል፤ ቸርኬው በአልኮል ይጸዳና ይደርቃል፤ ከቸርኬው የውስጥ ስፋት ጥቂት ሚሊሜትር የሚሰፋ የቲዩብለስ ፕላስተር በኃይል እየተወጠረ ይጠመጠማል፤ መጨረሻውም መጀመሪያውን አልፎ እንዲደራረብ ይደረጋል። የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር አይተካውም፤ ማሸጊያ ፈሳሹ ማጣበቂያውን ያለቅቀዋል። የቫልቩን ቀዳዳ በምላጭ ከመቅደድ በጋለ ሚስማር መብሳት ይሻላል፤ በምላጭ የተቀደደው እየሰፋ ይሄዳልና። ከተቻለም የውስጥ ጎማ አስገብቶ፣ ነፍቶ አንድ ሌሊት ማሳደር ፕላስተሩን በሚገባ ያጣብቀዋል።

ጎማውን መልሶ ለማስቀመጥ ብዙ አየር ባንድ ጊዜ መግባት አለበት። በእኛ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ፣ በእጅ መንፊያ ጎማን ለመሙላት በጅቡቲ ወደብ ከሚያስፈልገው አንድ ሦስተኛ ያህል የበለጠ ጊዜ መጫን ግድ ይላል፤ ጠርዙም ገና ሳይገጥም አየሩ ያመልጣል። የጎሚስታው ኮምፕሬሰር ይህን ያቃልላል። ጠርዙን አስቀድሞ በሳሙና ውሃ ማርጠብ፣ የቫልቩንም የውስጥ ክፍል ለጊዜው ማውለቅ ይረዳል። ነገር ግን ኮምፕሬሰሩ የተዘጋጀው ለመኪና ጎማ ነውና በጎማው ጎን ከተጻፈው ከፍተኛ ልክ ፈጽሞ ማለፍ አይገባም። ለመንዳት ከ20 እስከ 28 ፒኤስአይ ይበቃል፤ ቀለል ላለ ወጣት አነስተኛው፣ ለከባድ ሰው ከፍ ያለው።

ሰበካ ጉባኤያት በጥብቅ ሊከታተሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ለቲዩብለስ ያልተሠራን ተራ ቸርኬ በፕላስተርና በፈሳሽ ወደ ቲዩብለስ ለመለወጥ የሚደረግ ሙከራ አደገኛ ነው። እንዲህ ያለው ጎማ በደልዳላ መንገድ አየር ሊይዝ ይችላል። ከእንጦጦ ቁልቁል ሲወርድ ግን በመታጠፊያ ላይ ጠርዙ ከቸርኬው ሊወጣ፣ አየሩም ባንድ ቅጽበት ሊፈስ ይችላል፤ ወጣቱ በድንጋይ ላይ የሚወድቀው ያን ጊዜ ነው። ቸርኬውም ጎማውም «ቲዩብለስ ሬዲ» የሚል ጽሑፍ ከሌላቸው ርካሹ የውስጥ ጎማ ይግባባቸው።

በክረምት ሐምሌና ነሐሴ ብስክሌቶቹ ሳይነዱ ሲከርሙ ፈሳሹ ወደ ታች ወርዶ ባንድ ቦታ ይረጋል። ቁልፉን የያዘው ሰው በሳምንት አንድ ቀን መንኮራኩሮቹን ጥቂት ያዙራቸው፤ ፈሳሹ የተጨመረበትን ቀንም በፕላስተር ቁራጭ ላይ ጽፎ በብስክሌቱ አካል ላይ ይለጥፍ።