ሃምሌት በአንድ ሜሴጅ

ስሙኝማ፣ ይህቺን ለሰው ሳላወራ ማለፍ አልቻልኩም። በፈረንጆቹ 2005 መገባደጃ ላይ ለንደን ውስጥ ዶት ሞባይል የተባለ፣ ተማሪዎችን ዋና ደንበኛው ያደረገ የስልክ ድርጅት አንድ አገልግሎት ይዞ ብቅ አለ። የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ታላላቅ ሥራዎችን በሜሴጅ አጻጻፍ ጨምቆ ወደ ተማሪው ስልክ መላክ ነው ሥራው። የሼክስፒር «ሃምሌት» አለበት፤ የጄን ኦስተን «ፕራይድ ኤንድ ፕሬጁዲስ» አለበት። ከ10,000 በላይ ስንኞች ያሉት የሚልተን «ፓራዳይስ ሎስት» አልቀረም። ዲከንስ ከ1852 ጀምሮ ዓመት ተኩል ያህል በየወሩ እየቆነጠረ ያሳተመው «ብሊክ ሃውስ» እንኳ አልተረፈም።

አማካሪያቸው ደግሞ እንዲህ በቀላሉ የሚናቁ ሰው አይደሉም። ጆን ሰዘርላንድ ይባላሉ፤ የለንደኑ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የሥነ ጽሑፍ ፕሮፌሰር፣ በዚያው ዓመት የቡከር ሽልማት ዳኞች ሰብሳቢ። እኔን ያሳቀኝ ግን ሌላ ነው። እኚሁ ሰው ሦስት ዓመት ቀደም ብለው ጋርዲያን ጋዜጣ ላይ የሜሴጅ አጻጻፍን የስንፍና መሸሸጊያ አድርገው ልክ ልኩን ነግረውት ነበር። አሁን ዞረው የታሪክን አጥንት ነጥሎ ለማውጣት ሁነኛ መሣሪያ ነው አሉ። ሰው ሐሳቡን ቢቀይር አይፈረድበትም፤ ጋዜጠኛውና መምህሩ ግን ጮኸባቸው።

እኔ ጩኸቱን ትቼ ገደቡ ላይ ቀረሁ። አንድ ሜሴጅ 160 ፊደል እንዲይዝ ማን ወሰነ? ፍሪድሄልም ሂለብራንድ የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ነው። በፈረንጆቹ 1985 ቦን ከተማ ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ በታይፕራይተር የመጣለትን ዓረፍተ ነገርና ጥያቄ ሁሉ እየመታ ፊደሉን፣ ነጥቡን፣ ባዶ ቦታውን ይቆጥር ጀመር። አብዛኛው ከ160 በታች ሆነለት። ፖስትካርድና ቴሌክስም ሲታይ ሰው በአጭሩ ሲጽፍ ከዚያ ብዙም አያልፍም። በቃ፣ ይበቃል አለ። የመጀመሪያው ሜሴጅ የተላከው በታኅሣሥ 3 ቀን 1992 በፈረንጆቹ ነው፤ የገና መልካም ምኞት ነበር።

አሁን እኛን ወደሚመለከተው ልምጣ። የአንድ ሜሴጅ ትክክለኛ መጠን 140 ባይት ነው፤ 1,120 ቢት ማለት ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል እያንዳንዱ 7 ቢት ስለሚበቃው 160 ይገባል። የእኛ ፊደል ግን ዩኒኮድ ውስጥ 16 ቢት ይወስዳል። አካፍሉት፤ 70 ይመጣል። ስለዚህ በግዕዝ ፊደል ስትጽፉ አንዱ ሜሴጅ 70 ላይ ይሞላል፤ ከዚያ ካለፈ ተሰንጥቆ እንደ ሁለት ይቆጠራል። ይባስ ብሎ ሙሉውን በላቲን ፊደል ጽፋችሁ መጨረሻ ላይ አንዲት «ሰ» ጣል ብታደርጉ፣ በእሷ ምክንያት መልእክቱ በሙሉ ወደ 70ው ስሌት ይገባል።

ለመካሰስ ግን አንቸኩል፤ ምክንያቱም የእኛ 70 ፊደል ከእንግሊዞቹ 70 ፊደል በጣም ይበልጣል። እነሱ «በ» ለማለት ሁለት ምልክት ያስፈልጋቸዋል፤ ተነባቢውና አናባቢው ተለያይተው ነው የሚጻፉት። እኛ በአንድ እንጨርሰዋለን። እዚህ ጋ ነው የሜሴጅ ምሕጻር ምስጢር ያለው። እንግሊዝ ሲያሳጥር መጀመሪያ የሚጥለው አናባቢውን ነው፤ ተነባቢዎቹ ብቻቸውን ቆመው ቃሉ ይነበባል። የቀረውን በቁጥር ይሞላል፤ 8ን «ኤይት» ብሎ ስለሚያነባት ከጂና ከአር ኋላ ሲያስቀምጣት «ግሬት» ትሆንለታለች።

ይህንን ዘዴ ወደ አማርኛ አምጡትና ጉዱን እዩ። «ገደል»፣ «ገድል»፣ «ገደለ»። አናባቢውን አውጡት፤ ሦስቱም አንድ ናቸው። «ሃምሌት» ማን ማንን ገደለ የሚል ታሪክ ነው፤ ንጉሡ ተገደለ ይሁን ገደል ገባ ይሁን የጻድቅ ገድል ይሁን ማን ይለየዋል? የአማርኛ ቃል ትርጉሙን በተነባቢው ብቻ ሳይሆን በአናባቢውም ላይ ያሳረፈ ስለሆነ ፊደላችን ከውስጡ የሚያወጣው ትርፍ የለውም። ለዚህ ነው የእኛ ምሕጻር ሌላ መንገድ የያዘው፤ ቃሉን ከመሃል ቆርጦ በእዝባር መስፋት። ት/ቤት፣ ወ/ሮ፣ ዶ/ር፣ ጠ/ሚ። ለማዕረግና ለመሥሪያ ቤት ይሠራል፤ ለግስ ግን አይሆንም። «ገ/ለ» ብላችሁ ብትልኩ የሚደርሳችሁ መልስ የጥያቄ ምልክት ነው።

(በነገራችን ላይ ለንደን ላይ ሚልተን በሜሴጅ ይላክ አይላክ ሲባል፣ እኛ ዘንድ በራሳችን አቆጣጠር ከግንቦት 1997ቱ ምርጫ በኋላ ሜሴጁ ራሱ ተዘግቶ ነበር፤ ለሁለት ዓመት ያህልም አልተከፈተም። ከዚያም በፊት ብዙው ስልክ የእኛን ፊደል ስለማያውቅ አማርኛን በላቲን ፊደል ስንጽፍ ኖረናል።)

እንግዲህ ወሬ ብቻ እንዳይሆን ሞከርኩት። መጽሐፉ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»፣ ገደቡ 70፣ ባዶ ቦታም ሥርዓተ ነጥብም ይቆጠራል።

«በዛብህ ሰብለን አስተማረ፤ ተዋደዱ፤ አባት ተቆጡ፤ እሱ ሸሸ፤ ፈለገችው፤ መቃብር አገናኛቸው።»

ቁጠሩት፤ 58 ነው። 12 ተረፈ! መጽሐፉን ያነበበ ሰው ወዲያው «ጉዱ ካሳስ?» ይላል። ልክ ነው። በቀረው ቦታ «ጉዱ ካሳ ታዘበ።» ብዬ ጨመርኩ፤ ከፊቱ ያለውን ባዶ ቦታ ጨምሮ 69 ሆነ። ገባ።

ግን ምን ገባ? ጉዱ ካሳ የሥርዓቱን ክፉ ገጽታ እያነሳ የሚጥለው፣ ሰው እብድ እያለው እውነቱን የሚናገረው፣ ከገጽ ገጽ የሚፈስ ክርክሩ ሁሉ «ታዘበ» በሚሉ ሦስት ፊደሎች ተጠቅልሎ ተቀመጠ። ላነበበው «ታዘበ» ብቻ ይበቃዋል፤ ያ ሁሉ ንግግር ተከትሎ ይመጣለታል። ላላነበበው ግን ካሳ የሚባል ሰውዬ የሆነ ነገር አይቷል፣ አለቀ። ፊታውራሪ መሸሻም «አባት ተቆጡ» ሆነው ቀሩ፤ የትኛው አባት ነው በልጁ የማይቆጣ? ከዚህ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ማሳጠር የሚሠራው ረጅሙን በጆሮው ለያዘ ሰው መሆኑን ነው። ይህንን መጽሐፍ አገር ምድሩ በጆሮው የያዘው ደግሞ በተቃራኒው መንገድ ነበር፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ አንድም ነገር ሳይቸኩል ሲተርከው።

የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሁለት ጀማሪ ተማሪዎች፣ አሌክሳንደር አሲማንና ኤሜት ሬንሲን፣ ይህ ነገር ሳይገባቸው አልቀረም። በፈረንጆቹ 2009 ፔንጉዊን ባሳተመላቸው «ትዊተሬቸር» ላይ ታላላቅ መጻሕፍትን እያንዳንዳቸውን ከ20 በማይበልጡ ትዊቶች ሲያሳጥሩ ለማስጠናት ብለው አልነበረም፤ ለማሳቅ ነው። (ትዊተርም በመጀመሪያ ገደቡን 140 ያደረገው ከሜሴጁ 160 ላይ 20ውን ለተጠቃሚው ስም ቀንሶ ነው።) ፍሬድ ቤነንሰን ደግሞ «ሞቢ ዲክ»ን ሙሉውን ወደ ኢሞጂ አስለወጠው፤ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች በኢንተርኔት እየተከፈላቸው ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ሠሩት። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም ተቀብሎ መደርደሪያው ላይ አኖረው። እኔ እሱን ማሳጠር አልለውም፤ ዓሣ ነባሪውን ትቶ አረፋውን እንደመሳል ያለ ነው።

አሁን በሐሳቤ ላይ የሚነሳውን ተቃውሞ ራሴው ላንሳው። ረጅሙ ጠፍቶ አጭሩ ብቻ ሲቀርስ? ሆኗል። ሮማዊው ሊቪ የከተማውን ታሪክ በ142 መጻሕፍት ጻፈ። ዛሬ በእጃችን ያሉት 35 ብቻ ናቸው። ድሮ የሆነ ሰው ግን እያንዳንዱን መጽሐፍ በጥቂት መስመር አሳጥሮት ነበርና፣ ከሁለቱ በቀር (136ኛውና 137ኛው) የሁሉም ማጠቃለያ ተገኝቷል። የታሪክ ጸሐፊው የፖምፔዩስ ትሮገስ 44 መጻሕፍትም ጠፍተው የምናነበው የዩስቲንን አጭር ቅጂ ነው። አጭሩ ስላለ ረጅሙን የሚገለብጥ ጠፍቶ ይሆን የጠፋው? ሊቃውንቱ ይህንን ጥርጣሬ አንስተውታል። እኛ ቤት ሁለቱም ጎን ለጎን ኖረዋል፤ የቅዱሱ ገድል ራሱን የቻለ ረጅም መጽሐፍ ሆኖ ሳለ፣ በዕለቱ የሚነበበው የስንክሳሩ ታሪክ አጭር ነው። ሰሚው ግን ቅዱሱን በስዕል፣ በዝክር፣ በበዓሉ ቀድሞ ያውቀዋል፤ ስለዚህ አጭሩ አያንሰውም።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ሃምሌትን አስቀድሞ ያሳጠረው ራሱ ሼክስፒር መሆኑ ነው። በመጨረሻው ትዕይንት ሬሳ በሬሳ ላይ ወድቆ ሳለ፣ ሃምሌት በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ወዳጁን ሆሬሾን አብሬህ ልሙት ሲለው ይከለክለዋል፤ ቆይቶ ታሪኩን እንዲናገርለት ነው። ከዚያ የኖርዌዩ ልዑል ፎርቲንብራስ ከነሠራዊቱ ይገባል፤ ምንም አያውቅም። ሆሬሾ በጥቂት መስመር ይጠቀልለዋል፦ ግድያ ነበረ፣ ተንኮል ነበረ፣ ተንኮሉም በተንኮለኛው ላይ ዞረ፣ ዓይነት ነገር። አንድም ስም አይጠራም! አዳራሹ ውስጥ ሰዓታት የተቀመጠው ተመልካች እያንዳንዱን ቃል ከነባለቤቱ ያውቀዋል፤ ፎርቲንብራስ ግን ዝርዝሩን ቶሎ አሰሙን ብሎ መኳንንቱን ያስጠራል።

የእኔ ይኸው፦ «አጎት ንጉሡን ገደለ፤ ሙት አባት ልጁን ላከው፤ ልጅ አመነታ፤ ሁሉም ሞተ።» 46 ፊደል። «ሁሉም» ውሸት ነው፤ ሆሬሾ በሕይወት አለ። 24 ቦታ ይቀራችኋልና እሱን አስገቡልኝ። የጸጋዬ ገብረ መድኅንን ትርጉም ያነበባችሁ ደግሞ ኦፊልያንም ጨምሩና ላኩልኝ፤ እኔ እስካሁን ሁለቱን አንድ ላይ ማስገባት አቅቶኛል።