ሊንክ ሲነካ ስልኩ ወዴት ይሄዳል?

ባለፈው ጊዜ ለአንድ ክፍል ሠልጣኞች የዩቲዩብ ትምህርት ሊንክ በመልእክት መለዋወጫ አፕ ላክሁላቸው። አድራሻው ለሁሉም አንድ ነበር። ይሁን እንጂ የአንዷ ስልክ በዩቲዩብ አፕ ከፈተው፤ የሌላው ወደ ብሮውዘር ወሰደው፤ የሦስተኛው ደግሞ ከመልእክቱ ሳይወጣ እዚያው አሳየው። «መምህር፣ የላኩልን የተለያየ ነው እንዴ?» ሲሉ ጠየቁኝ። በዚያን ዕለት የሰጠሁት መልስ እኔን ራሴንም ስላላረካኝ ነገሩን መመርመር ያዝሁ።

ስልኩ በመጀመሪያ የሚያየው ከሁለት ነጥቡ በፊት ያለውን ቃል ነው። «ቴል» ከሆነ መደወያውን፣ «ሜልቱ» ከሆነ የኢሜይል አፑን ይጠራል። «ኤችቲቲፒኤስ» ከሆነ ግን ነገሩ ይወሳሰባል፤ የብሮውዘር ሥራ ቢሆንም ሌላ አፕም «የእኔ ነው» ሊል ይችላልና። አንድ አፕ ስልክ ላይ ሲጫን የትኞቹን አድራሻዎች መክፈት እንደሚችል ለስልኩ ያስታውቃል።

ለመሆኑ ይህ ቃል ብቻውን ይታመናልን? ቀደም ባሉት አንድሮይዶች ስልኩ «በየትኛው ልክፈተው?» ብሎ ባለቤቱን ይጠይቅ ነበር። ታዲያ ክፉ ሐሳብ ያለው አፕ የባንክ አድራሻ እከፍታለሁ ብሎ ከተመራጮቹ መካከል ቢሰለፍ ከልካይ አልነበረውም። የዋሁ ደንበኛ እርሱን ከነካ የምስጢር ቁጥሩን አሳልፎ ሰጠ ማለት ነው።

መፍትሔው የመጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 በአይኦኤስ 9 እና በአንድሮይድ 6 ነው። አሠራሩ ከውክልና ጋር ይመሳሰላል። ወኪል ነኝ ባይ ብቻውን አይታመንም፤ ባለንብረቱም «አዎን፣ ወኪሌ ነው» ማለት አለበት። ስለዚህም የድረ ገጹ ባለቤት የአፑን መለያ የያዘ ትንሽ ፋይል በገጹ ላይ፣ «ዌል ኖውን» በተባለው ክፍል ያስቀምጣል። በአንድሮይድ ፋይሉ አፑ የተፈረመበትን ሰርተፊኬት አሻራም ይይዛል። የሁለቱ ቃል ከገጠመ ሊንኩ ያለ ጥያቄ በአፑ ይከፈታል። አፑ በስልኩ ላይ ከሌለ ደግሞ ያው አድራሻ በብሮውዘር ይከፈታል። በ2021 ከወጣው አንድሮይድ 12 ወዲህ ማረጋገጫ የሌለው አፕ፣ ባለስልኩ ራሱ ካልፈቀደለት በስተቀር፣ የድረ ገጽ ሊንክ አይሰጠውም፤ ወደ ብሮውዘር ይሄዳል።

የባለስልኩ ፈቃድ ግን ከዚህ ሁሉ በላይ ነው። በአንድሮይድ ቅንብር ውስጥ ለየአፑ ሊንክ መክፈትን መፍቀድም መከልከልም ይቻላል። በአይፎን ሊንኩን ጫን አድርጎ በመያዝ መምረጥ ይቻላል።

የሦስተኛው ሠልጣኝ ጉዳይስ? እዚህ ላይ ስልኩ ከነጭራሹ አልተጠየቀም። አንዳንድ የመልእክት አፖች ሊንኩን ለስልኩ ከማስረከብ ይልቅ በራሳቸው መስኮት ይከፍቱታል። ይህ መስኮት ብዙውን ጊዜ በብሮውዘር የገባንበትን የይለፍ ቃል አያውቅም። አንዲት ሠልጣኝ ረጅም የምዝገባ ቅጽ በእንዲህ ያለ መስኮት ስትሞላ ቆይታ መልእክት ለማየት ብትዘጋው የጻፈችው ሁሉ ጠፋባት፤ የቀራትም ግማሽ ሰዓት ብቻ ነበር። ደግነቱ ደረሰች። ከዚያ ወዲህ ቅጽ ስልክላቸው፣ በመስኮቱ አናት ላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክተው «በብሮውዘር ክፈት» የሚለውን እንዲመርጡ አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ።