ድረ ገጽን ማደስና የጎግል ደረጃ፦ ቤተ ክርስቲያናችሁን የሚፈልግ ሰው ያገኛታል?



አንድ ነገር አስቡ። በውጭ አገር የሚኖር ወንድም፣ ነገሌ ቦረና ለሚኖሩ አረጋውያን ወላጆቹ በአቅራቢያቸው ያለችውን ጉባኤ ለማግኘት ጎግል ላይ ይጽፋል። የእናንተ ቤተ ክርስቲያን ድረ ገጽ አላት፤ ነገር ግን ሁለትና ሦስት ገጽ ቢገልጥም አያገኛትም። ይህን የሰሙ ወጣቶች ይሰበሰቡና አንዱ፣ «ድረ ገጹን ስለማናድሰው ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ፣ «እንግዲያውስ በየሳምንቱ ቀኑን ብቻ እየቀየርን እንለጥፈው» ይላል። የመጀመሪያው በከፊል ልክ ነው። ሁለተኛው ግን ተሳስቷል። ለምን?

ጎግል ድረ ገጻችሁን እንዴት ያያል?

ጎግል አንድ ሰው በጠየቀው ቅጽበት ዓለምን ዞሮ አይፈልግም። አስቀድሞ ሮቦት የሚባለው ፕሮግራም ከሊንክ ወደ ሊንክ እየተሸጋገረ ገጾችን ያነባል፤ ያነበበውንም በትልቅ ማውጫ ውስጥ ያስቀምጣል። ሰው ሲጠይቅ መልሱ የሚወጣው ከዚህ ማውጫ ነው። ስለዚህ ዛሬ የለወጣችሁት ጽሑፍ ሮቦቱ ተመልሶ እስኪያነበው ድረስ በማውጫው ውስጥ ያለው አሮጌው ነው። ይህም ጥቂት ቀናት ወይም ጥቂት ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ሮቦቱ ብዙ ጊዜ የሚለወጡ ገጾችን ቶሎ ቶሎ ይጎበኛል፤ ለዓመታት ያልተነካውን ግን አልፎ አልፎ ብቻ ያየዋል። የማደስ የመጀመሪያ ጥቅም እንግዲህ ይህ ነው፦ መጎብኘት። መጎብኘት ግን ከፊት መቀመጥ ማለት አይደለም።

አዲስነት መቼ ይጠቅማል?

ጎግል እ.ኤ.አ. በሰኔ 2010 ካፌይን የተባለ አዲስ የማውጫ አሠራር ጀመረ፤ አዳዲስ ጽሑፎችም ከበፊቱ ፈጥነው መታየት ቻሉ። በኅዳር 2011 ደግሞ ሌላ ለውጥ አድርጎ፣ ይህ ለውጥ ከፍለጋዎች 35 በመቶ ያህሉን እንደሚነካ አስታወቀ። አዲስነት ክብደት የሚያገኘው በተለይ በሦስት ዓይነት ጥያቄዎች ነው፦ በቅርቡ የሆነ ነገር ሲጠየቅ፣ በየጊዜው የሚደጋገም ዝግጅት ሲጠየቅ፣ ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥ መረጃ ሲጠየቅ።

ከአካባቢያችን ምሳሌ እንውሰድ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም በቦረና ቆላ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ከሸፉ፤ ገናም ሆነ ሐገያ ሳይዘንቡ ቀሩ፤ የከብቱም እልቂት ከባድ ነበር። በዚያን ጊዜ «የቦረና ድርቅ» ብሎ የጻፈ ሰው የፈለገው የዚያን ሳምንት ወሬ ነው። የቆየ ጽሑፍ አይጠቅመውም። በአንጻሩ ግን የኖርዌይ ሉተራን ሚሽን እ.ኤ.አ. በ1948 ሥራውን በደቡብ ኢትዮጵያ እንዴት እንደ ጀመረ የሚጠይቅ ሰው አዲስ ቀን አያስፈልገውም። በደንብ የተጻፈ የታሪክ ገጽ አሥር ዓመት ሳይነካ ቢቆይም ከፊት ሊቀመጥ ይችላል። እንግዲህ የሚወስነው የጠያቂው ፍላጎት ነው።

ቀን መቀየር ማደስ አይደለም

ጎግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች በሚሰጠው መመሪያ ውስጥ፣ ጽሑፉ በቁም ነገር ሳይለወጥ አዲስ ለማስመሰል ብቻ ቀኑን የሚቀይሩትን ራሳቸውን እንዲመረምሩ ይጠይቃል። አዲስ ለመምሰል ብሎ ብዙ ጽሑፍ መጨመር ወይም የቆየውን መሰረዝም ደረጃን ከፍ እንደማያደርግ ይገልጻል። ለሮቦቱ የምንሰጠው የገጾች ዝርዝርም እንዲሁ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ «መጨረሻ የታደሰበት ቀን» የሚለው ቦታ እውነተኛ ሆኖ ከተገኘ ይጠቅማል፤ ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ግን ጎግል አይቀበለውም። ለእኛ ደግሞ ነገሩ ከደረጃም ያልፋል። በቤተ ክርስቲያን ስም ሐሰተኛ ቀን መጻፍ የለብንም።

የነገሌ ልዩ ችግር

ነገሌ የሚባሉ ሁለት የታወቁ ከተሞች አሉ፦ ነገሌ ቦረናና አርሲ ነገሌ። በላቲን ፊደል ደግሞ ነገሌን አንዱ በአንድ «ኤል»፣ ሌላው በሁለት «ኤል» ይጽፋታል። ስለዚህ ገጻችሁ ላይ «ነገሌ» ብቻ ከተባለ አንባቢውም ሮቦቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ። «ነገሌ ቦረና» ብላችሁ ሙሉውን ጻፉ፤ በኦሮምኛና በእንግሊዝኛም አክሉበት።

አስተዳደሩም ተለውጧል። ነገሌ ለብዙ ዓመታት የጉጂ ዞን ዋና ከተማ ነበረች። በ2015 ዓ.ም የኦሮሚያ ክልል የምሥራቅ ቦረና ዞንን ሲያቋቁም የዚህ ዞን መቀመጫ ሆነች። ከዚያ በፊት የተጻፈ የአድራሻ ገጽ ካላችሁ፣ ሊታደስ የሚገባው እውነተኛ ነገር ይኸውላችሁ።

የቀን አቆጣጠሩንም አትርሱ። «2003» ብቻ ከተጻፈ አንባቢው በየትኛው አቆጣጠር እንደ ሆነ አያውቅም። ዓ.ም ወይም እ.ኤ.አ. ብላችሁ ለዩት።

ታዲያ ምን እናድርግ?

1. በየሦስት ወሩ አንድ ሰው ሁሉንም ገጽ እንዲያነብ መድቡ። የአምልኮ ሰዓት፣ የስልክ ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብና የአገልጋዮች ስም ትክክል መሆናቸውን ያረጋግጥ።

2. በየዓመቱ ለሚደረግ ኮንፈረንስ በየጊዜው አዲስ አድራሻ አትክፈቱ። በአንዱ ገጽ ላይ ብታድሱት ሌሎች ወደዚያ የሰጡት ሊንክ አይባክንም። አድራሻ መለወጥ ግድ ከሆነ አሮጌው ወደ አዲሱ በቋሚነት እንዲመራ አድርጉ።

3. አንድን ጽሑፍ በእውነት ስታሻሽሉ ምን እንደ ለወጣችሁ በአንድ መስመር ግለጹ፤ መጀመሪያ የተጻፈበትንም ቀን አታጥፉ።

4. ሰርች ኮንሶል የተባለውን ነጻ የጎግል አገልግሎት ተጠቀሙ። ሮቦቱ ገጻችሁን መቼ እንዳነበበ ያሳያችኋል፤ የታደሰውን ገጽ እንዲያነብም መጠየቅ ትችላላችሁ።

5. የያቤሎ፣ የሞያሌና የፊልቱ ጉባኤዎች ድረ ገጽ ካላቸው እርስ በርስ ሊንክ ተሰጣጡ። ጎግል እ.ኤ.አ. በ1998 ሲመሠረት ጀምሮ፣ ሌሎች የሚጠቁሙትን ገጽ እንደ ምስክር ይቆጥረዋል። ምስክር የሌለው ገጽ በየቀኑ ቢታደስም ወደ ፊት መምጣት ይከብደዋል።

በመጨረሻ፣ ይህን ሁሉ የምናነሳው ለዝና አይደለም። ድርቁ ካለፈ በኋላ «አሁኑኑ ለተራቡት እርዱ» የሚል ገጽ ከተዘጋ የባንክ ሒሳብ ጋር ተሰቅሎ ቢቀር፣ የሚያነበው ሰው ቀጥሎ እውነተኛ ችግር ሲመጣ አያምነንም። የአምልኮ ሰዓት ተለውጦ ገጹ ባይታደስ፣ ከሩቅ የመጣ እንግዳ የተዘጋ በር ያገኛል። ጎግል ደረጃ ቢሰጠንም ባይሰጠንም፣ ለዚያ እንግዳ ስንል የጻፍነው ሁሉ እውነት ሆኖ ይገኝ። ዛሬ ማታ ድረ ገጻችሁን ክፈቱና ከአድራሻው ገጽ ጀምሩ።